ገርቢው በሁለት ወቅት

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ወይም ወደ ሐዋሳ የተጓዘ ሰው ሁሉ ሞጆን ያውቃታል፤ የሚያውቃት ግን በመኪና መስኮት ነው። ተራቸውን የሚጠብቁ ተሳቢ መኪኖች፣ የደረቅ ወደቡ የኮንቴይነር ክምር፣ የቆዳ ፋብሪካ ሽታ፣ ከዚያ የሐዋሳ መታጠፊያ፤ በቃ። የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ከተከፈተ ወዲህ ይህችንም ታህል ሳያይ የሚያልፈው በዝቷል። እኔ ሞጆ የምወርደው ለዛፍ ብዬ ነው፤ ከከተማዋ ወጣ እንዳሉ በሉሜ ወረዳ ማሳዎች መሀል እዚህም እዚያም የቆመውን ገርቢ ፎቶ ለማንሳት።

ገርቢ ከግራር ወገን ነው። ግንዱ ወፍራም፣ ቅርንጫፉ ነጣ ያለና የተጠማዘዘ፣ እሾሁ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ቀጥ ያለ። ከሌላው ዛፍ የሚለየው ግን አመሉ ነው። ክረምት ገብቶ አገር ምድሩ ሲለመልም እሱ ቅጠሉን ያራግፋል። ዝናቡ አባርቶ ሣሩ ቢጫ መምታት ሲጀምር ደግሞ ለምለም ቅጠል ያወጣል። ነሐሴ ላይ ስንዴው አረንጓዴ ለብሶ ገርቢው በመሀሉ እርቃኑን ይቆማል፤ ታኅሣሥ ላይ ማሳው ታጭዶ ባዶ ሲቀር አረንጓዴው እሱ ብቻ ይሆናል። አንድ ቦታ ቆሞ አንዱን ዛፍ በሁለቱ ወቅት ያነሳ ሰው ቀለማቸው የተገለባበጠ ሁለት ምስሎች ይዞ ይመለሳል። ተፈጥሮን ፎቶ ማንሳት ከጀመርኩ ወዲህ ብዙ ቦታ ሄጃለሁ፤ እንደዚህ ተመላልሰህ ካላየኸኝ አላየኸኝም የሚል ነገር ግን ከሞጆ ገርቢ ሌላ አልገጠመኝም።

ለገበሬው ይህ አመል ውበት ብቻ አይደለም። በክረምት ቅጠል ስለሌለው ሰብሉን ከፀሐይ አይጋርድም፤ በዝናቡ ውሃም እምብዛም አይሻማውም። ሥሩ በጣም ጠልቆ ስለሚወርድ በበጋ እርጥበት የሚያገኘው ከታች ነው። ሥሩ ላይ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ሆኖ ከአየር ውስጥ ናይትሮጂን ይይዛል፤ የሚረግፈው ቅጠል አፈሩን ያዳብራል። ሲበስል ብርቱካናማ ሆኖ የሚጠቀለለው ፍሬው ደግሞ ሣር በሚጠፋበት ወቅት ለከብት ይደርሳል። ከሴኔጋል እስከ ማላዊ ያሉ ገበሬዎች ይህን ዛፍ ከማሳቸው የማይነቅሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ሉሜ ላይም ከገርቢ ሥር የበቀለ ስንዴ ከዳር ካለው ይልቅ ጠቆር ብሎና ቁመት ጨምሮ ይታያል። ይህን ልዩነት በሌንስ ለመያዝ ከፍ ያለ ቦታ ላይ መቆምና ሰማዩ በደመና የተሸፈነበትን ሰዓት መምረጥ ይጠይቃል፤ ጠራራ ፀሐይ የሰብሉን ቀለም ያጥበዋል።

የአሁኑ ጉዞዬ የታኅሣሥ ነው። ከቃሊቲ መናኸሪያ በሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ የመረጥኩት የድሮውን መንገድ ነው፣ በዱከምና በቢሾፍቱ በኩል። በዚህ ወር መንገዱ ዳር ልጆች የሽምብራ እሸት በእቅፍ በእቅፍ ይዘው ይሸጣሉ። የተጓዘበትን አገር የሚወድ ሰው የፍጥነት መንገዱን ለመመለሻ ቢያቆየው ደስ ይለኛል፤ በአጥር መሀል እየበረሩ ስለ መሬቱ የሚታወቅ ነገር ትንሽ ነው። ከአዲስ አበባ ሞጆ ከ70 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ ማልዶ ተነስቶ መድረስ ይቻል ነበር። እኔ ግን ማታውኑ ገብቼ ማደርን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም የብርሃን ጉዳይ ነው።

ሞጆ ከምድር ወገብ ያላት ርቀት ከ9 ዲግሪ ያነሰ ነው። በዚህ ኬክሮስ ፀሐይ ወደ ላይ የምትወጣው ሽቅብ በቀጥታ ነው፤ በአውሮፓ እንደሚታየው አድማሱን ታክካ ረጅም ሰዓት አትንሸራተትም። በታኅሣሥ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ብቅ ትላለች፤ 2 ሰዓት ተኩል ሲሆን ጥላው አጥሮ፣ ብርሃኑ ጠንክሮ፣ ሜዳው ነጭ ይሆናል። ለፎቶ የሚሆነው ብርሃን በዚያች መሀል ያለው ብቻ ነው። ስለዚህ ፀሐይ ስትወጣ ማሳው ውስጥ መገኘት ግድ ይላል፤ መነሻው ከአዲስ አበባ የሆነ ሰው ደግሞ በዚያ ሰዓት ገና መንገድ ላይ ነው።

ከተማዋ ገና ሳትነቃ በጋሪ ወጣሁ። ባለ ጋሪው ወጣት ነው፤ የፈረሱ ትንፋሽ በብርዱ ይታያል። ሞጆ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ቀን የሚያነደው ፀሐይ ማለዳ ላይ ትዝ አይልም፤ ጋቢ ያስፈልጋል። አስፋልቱን ለቀን አቧራማውን መንገድ እንደያዝን የተሳቢዎቹ ድምፅ ወደ ኋላ ቀረ። ምሥራቁ ቀልቶ ገርቢዎቹ በጥቁር ቅርጻቸው ብቻ ይታዩ ነበር።

ገና ሳይነጋ የሚነሳውን ጥቁር ቅርጽ ብዙ ሰው ይወደዋል። እኔ ግን ለገርቢ አልመርጠውም። በጥቁር ቅርጽ የሚወጣ ገርቢ ከማንኛውም ግራር አይለይም፤ ልዩነቱ ያለው ቀለሙ ላይ ነው። ስለዚህ ፀሐይዋ ከኋላዬ ሆና ዛፉን ፊት ለፊት እስክታበራው እጠብቃለሁ። ያኔ ግንዱ አመድማ፣ የላይኛው ቅርንጫፍ ነጭ፣ ቅጠሉ ሰማያዊ ቅልቅል ያለበት ፈዛዛ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል፤ ከሥሩ ያለው የታጨደ ጤፍ ቃርሚያ ወርቃማ ነው። ሌንሱን 50 ሚሊሜትር ላይ አድርጌ፣ ትራይፖዱን ነሐሴ ላይ በቆምኩበት ድንጋይ አጠገብ ተክዬ፣ ያኔ ያነሳሁትን ምስል ከስልኬ እያየሁ ክፈፉን አስተካከልኩ። ከዛፉ ጀርባ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ቆርጬ ማውጣት እችል ነበር፤ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ብቻ ነው የሚፈልገው። አላወጣሁትም። በዚህ መሬት ላይ ሽቦውም፣ ማረሻውም፣ ሐዲዱም አለ። ያለውን ደብቆ ያልተነካ ዱር አስመስሎ ማሳየት ለዛፉም ለገበሬውም ክብር አይሆንም ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ ቀረብ አልኩ። ገርቢን ከሩቅ ብቻ ያየ ሰው ታሪኩን አያነበውም። ግንዱ ከሰው ቁመት በላይ እስኪደርስ ድረስ ወፍራምና ስንጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ከዚያ በላይ የተቆራረጡ ጉቶዎች ይጀምራሉ። ከየጉቶው ዙሪያ ቅርፊቱ አብጦ ቁስሉን ለመሸፈን ከዳር ወደ መሀል እየጠበበ መጥቷል። አንዳንዱ ጉቶ ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል፤ አንዳንዱ መሀሉ ላይ ገና የጥፍር ስፋት የሚያህል ደረቅ እንጨት ይታያል፤ አዲስ የተቆረጠው ደግሞ ነጭ ሆኖ የመጥረቢያው ምት አሁንም ይቆጠራል። ከአሮጌዎቹ ጉቶዎች ዙሪያ ቀጫጭን ቀንበጦች እየተጋፉ ወጥተዋል። በማክሮ ሌንስ አንዱን ጉቶ ብቻ ክፈፉን እንዲሞላ አድርጌ አነሳሁት። ከጉዞው ሁሉ አብልጬ የምወደው ምስል ይኸኛው ነው።

የማሳው ባለቤት መጡ። ነሐሴ ላይ ዛፋቸውን ሳነሳ አግኝቻቸው ነበር፤ ያኔ በዝናብ ካፖርት ተጠቅልለው ቆመው ካሜራውን በጥርጣሬ ያዩት ነበር። አሁን የዚያን ቀኑን ምስል ትልቅ አድርጌ አሳትሜ ይዤላቸው መጥቻለሁ።

«አካም ጂርቱ፣ አባባ?»

«ፈያ፣ ደኅና ነን፤ እንኳን ደኅና መጣህ ልጄ» አሉና ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ።

እኔ በዚያ ምስል የምኮራው በደመናው ነበር። ከዛፉ በስተጀርባ ጥቁር የክረምት ደመና ተከምሮ፣ ነጫጭ ቅርንጫፎቹ በላዩ ላይ ጎልተው ወጥተዋል። እሳቸው ደመናውን አላዩትም። ጣታቸውን ቀጥታ በስተቀኝ ባለው ረጅም ቅርንጫፍ ላይ አደረጉ።

«ይኼ ያኔ ነበር። አየኸው? መስከረም ላይ ቆርጬ በረቱን አጠርኩበት።» ከዚያ ዝቅ አሉ። «ይኼኛው ደግሞ አምና የመለመልኩት ነው፤ እዚህ ላይ ገና አላቆጠቆጠም። አሁን እየው» ብለው ወደ ዛፉ ጠቆሙኝ። የጠቆሙት ቦታ ላይ ክንድ የሚያህሉ ቀንበጦች ወጥተዋል።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይመለምሉት እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«የለም! ግማሹን ለዘንድሮ፣ ግማሹን ለከርሞ። ሁሉንም ያነሳ ሰው ዛፉን ጨረሰው ማለት ነው። የማገዶ ገበያው ጥሩ ነው፣ ሞጆ ስትወስደው ወዲያው ይሸጣል። የቸገረው ሰው እስከ ራሱ ይመለምለዋል፤ ምን ታደርገዋለህ?»

ለረጅም ጊዜ ሲከነክነኝ የነበረውን ነገር የጠየቅኳቸው በዚህ መሀል ነው። በየማሳው የማያቸው ገርቢዎች ሁሉ ትልልቆች ናቸው፤ ትንንሾቹ የት አሉ?

«እሱን ነው የምልህ» አሉ፣ ምስሉን አጥፈው ሳይሆን ቀስ አድርገው ጠቅልለው። «ይኼን አባቴ ነው የተዉልኝ። ይበቅላል፣ ችግኙ አይጠፋም። ግን ማረሻ ይነቅለዋል፤ ከማረሻ ያመለጠውን በበጋ ፍየል ይበላዋል። ና ላሳይህ።»

ከማሳው ዳር፣ ከውሃ መውረጃ ቦዩ አጠገብ ወሰዱኝ። ቁመቱ ከጉልበቴ የማይበልጥ ገርቢ ነው፤ ዙሪያውን ራሳቸው ከትልቁ ዛፍ በቆረጡት እሾሃም ቅርንጫፍ አጥረውታል። ሆዴ መሬት እስኪነካ ተኝቼ በእሾሁ መሀል አነሳሁት። ከበስተጀርባው ትልቁ ዛፍ ደብዝዞ ይታያል። እሳቸው ከአጠገቤ ቁጢጥ ብለው ልጆችን ከአጥሩ ያባርሩልኝ ነበር። «ስትመለስ ይኼንንም አምጣልኝ» አሉኝ። እንደማመጣው ነግሬያቸዋለሁ።

ካሜራ ይዞ ገጠር የሚወጣ ሰው የታተመ ምስል ይዞ መመለስ አለበት የምለው ለጨዋነት ብቻ አይደለም። እኔ ያነሳሁትን ምስል አንብበው ምን እንዳነሳሁ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። የትኛው ቅርንጫፍ ለምን እንደተቆረጠ፣ የትኛው ጉቶ የስንት ዓመት እንደሆነ ከምስሉ የሚያውቅ ሰው ያለበት አገር ላይ፣ ምስሉን አዲስ አበባ ወስዶ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ መቅረት ግማሽ ሥራ ነው።

ቀትር ላይ የሚነሳ ነገር የለም። ፀሐይዋ አናት ላይ ሆና ዛፉ ጥላውን ከሥሩ ይሰበስባል። በሬ እንኳ ያኔ ነው ከገርቢ ሥር የሚተኛው። እኔም እዚያው ተቀምጬ ቆሎ እየቆረጠምኩ የከሰዓቱን ነፋስ ጠበቅሁ፤ ምክንያቱም ከወዲያ ማዶ ጤፍ እየተወቃ ነበር፣ ነፋሱ ሲነሳ ደግሞ ማዝራት ይጀምራሉ።

ሉሜ ከአድአ ጋር የጤፍና የስንዴ አገር ነው። ስንዴውን በብዛት ኮምባይነር ያጭደዋል፤ ጤፉ ግን በብዙ ቦታ አሁንም በማጭድ ይታጨዳል፣ በእበት በተለቀለቀ አውድማ ላይ በሬ ያበራየዋል። ወደ አውድማ ሲጠጉ ዝም ብሎ መቆም ነውር ነው። «ያበርክት!» አልኩ። «አሜን፣ ና ግባ» አሉኝ። ፈቃድ ሳልጠይቅ ካሜራውን ከቦርሳው አላወጣሁም፤ ሲፈቅዱልኝም መጀመሪያ የቀረበልኝን ጠላ ጠጥቼ ነው። ለዚህ ጊዜ የማይሰጥ ፎቶ አንሺ የሚያገኘው የሚገረምም የሚሸማቀቅም ፊት ነው። ትንሽ ከተቀመጡ ግን ሰዎቹ ሥራቸው ውስጥ ይገባሉ።

ወደ 10 ሰዓት ተኩል ሲሆን ነፋሱ ተነሳ። አንዱ በመንሽ ጭዱን ከላይ ከላይ ይገፈዋል፤ ሌላው በላይዳ እያፈሰ ወደ ላይ ይበትነዋል። ጤፍ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ነፋሱ ሲበረታ ይቆማሉ፣ ሲለሰልስ ይቀጥላሉ፤ ሳይነጋገሩ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የሚያቆሙት። እኔ ከነፋሱ በታች፣ ፀሐይዋን ፊት ለፊት አድርጌ ቆምኩ። አቧራው ሌንሱን ያለብሰዋል፣ ዓይን ያቃጥላል፤ ነገር ግን ጭዱ የሚበራው ከዚህ በኩል ብቻ ነው። እያንዳንዷ ሰበዝ ከኋላዋ በመጣው ብርሃን ጠርዟ ተለኩሶ ትታያለች፤ ፍሬው ግን ክብደት ስላለው ከሥር ጠቆር ያለ መጋረጃ ሆኖ በቀጥታ ይወርዳል። የሚበረውና የሚወርደው የሚለያዩበትን ቅጽበት ለመያዝ መዝጊያውን በ1/1000 ሰከንድ ማድረግ፣ ብርሃኑንም ካሜራው ከሚለው ቀነስ አድርጎ መያዝ ይበጃል፤ አለዚያ ወርቁ ነጭ ሆኖ ይጠፋል። ፊታቸው በጨለማ ይቀራል የሚል ይኖራል። በዚህ ሥራ ላይ የሚናገረው ክንዳቸውና ወገባቸው ነው፤ ፊታቸውን በኋላ፣ ተቀምጠው ሲያርፉ፣ ከጎን በሚመጣው ብርሃን አነሳኋቸው።

ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ምዕራብ ዞርኩ። ከሞጆ ወደ ምዕራብ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ዝቋላ ተራራ ብቻውን ይታያል። ቁመቱ 2,989 ሜትር ነው፤ አናቱ ላይ በእሳተ ገሞራው አፍ የተኛ ሐይቅና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም አለ። በታኅሣሥ ፀሐይዋ ከተራራው በስተግራ ራቅ ብላ ትጠልቃለች። ፀሐይዋን ከተራራው ራስ ላይ ማግኘት የፈለገ ሰው ከሞጆ አካባቢ ሆኖ በጥቅምት አጋማሽ ወይም በየካቲት አጋማሽ መጠበቅ አለበት። የገዳሙ ትልልቅ የንግሥ በዓላት ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ስለሆኑ፣ ለጥቅምቱ በዓል የሚወጣ ፎቶ አንሺ ሁለቱንም በአንድ ሰሞን ሊያደርሳቸው ይችላል። እኔ የጥቅምቱን እመርጣለሁ፤ ያኔ ክረምቱ አየሩን አጥቦት ተራራው ጥርት ብሎ ይታያል፣ ገርቢውም አዲስ ቅጠል ማውጣት ጀምሮ ይሆናል። በየካቲት አቧራው ብዙ ነው።

በማግስቱ ወደ ደቡብ፣ በኤጀርሳ በኩል ወደ ቆቃ ወረድኩ። ይህን መንገድ የያዝኩት ለወፎቹ ብቻ አይደለም። የገርቢው ማሳ ታሪክ የሚያልቀው እዚያ ስለሆነ ነው። በክረምት የሞጆን ወንዝ ያየ ሰው ይገባዋል። ወንዙ ያኔ የሚወርደው ወፍራምና ቡናማ ሆኖ ነው፤ በከተማዋ ዙሪያ መሬቱን ጠልቀው የቆረጡት ቦረቦሮች ሁሉ አፈራቸውን የሚያራግፉት ወደ እሱ ነው፤ እሱም ይዞት ወደ ቆቃ ሐይቅ ይገባል። ነሐሴ ላይ ውሃውንና ቦረቦሩን አንስቻለሁ። በታኅሣሥ ያው ቦታ ላይ ውሃው ቀጭን ሆኖ፣ ከተማውና ፋብሪካው የለቀቀው ፍሳሽ ጎልቶ ይሸታል። ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን ያየ ሰው ወንዙ በክረምት አፈር፣ በበጋ ቆሻሻ እንደሚሸከም ያለ ማብራሪያ ይረዳል።

ቆቃ ሰው የሠራው ሐይቅ ነው። አዋሽ ላይ ግድቡ የተገነባው ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ሲሆን፣ ኃይል ማመንጨት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። አዋሽ ከዚህ ቀጥሎ ወደ ምሥራቅ ወርዶ፣ በጠቅላላው 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ግድቡን ራሱን ለማንሳት አልሞከርኩም፤ ግድብም፣ ደረቅ ወደብም፣ የባቡር ጣቢያም ያለ ፈቃድ አይነሳም፤ ጥበቃዎቹን ማስቸገር አያስፈልግም። የምፈልገው ዳርቻውን ነው፣ ደለሉ ሐይቁን ወደ ረግረግ የቀየረበትን። ከእነዚያ ማሳዎች የታጠበው አፈር እዚህ ተኝቷል። በላዩ ላይ ደግሞ እንቦጭ አለ። ጣና ላይ ስሙ ከመግነኑ ከ40 ዓመታት በላይ አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 እንቦጭ በአገራችን መታየቱ የተመዘገበው ቆቃና አዋሽ ላይ ነው። ሐምራዊ አበባው ሲያብብ ለካሜራ ደስ ይላል፤ ብዙ ሰው ቆንጆ ብሎ ያነሳዋል። እኔ የማነሳው ጀልባ ውስጥ ሆነው በመቅዘፊያ እየገፉት መንገድ የሚያበጁትን ዓሣ አጥማጆች ጨምሬ ነው።

ወፎቹ ግን አሁንም አሉ፣ በብዛት። አባ ኮዳ ዓሣ የሚበለትበት ቦታ አጠገብ እንደ ሽማግሌ ጎበጥ ብሎ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። ፔሊካኖች ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ተሰልፈው ምንቃራቸውን በአንድ ጊዜ ይነክራሉ። በዚህ ወቅት ከአውሮፓ የክረምት ብርድ የሸሹ ሽመላዎችም በስምጥ ሸለቆው ያልፋሉ። ጉማሬ አለ፣ አዞም አለ፤ ስለዚህ ከዓሣ አጥማጆቹ ምክር ውጭ ዳርቻውን ተከትሎ መሄድ አይገባም። ለወፍ ቢያንስ 400 ሚሊሜትር ሌንስ ያስፈልጋል። ያለኝ 200 ነው፤ ስለዚህ ወፏን ብቻዋን ሳይሆን ከነመኖሪያዋ አነሳለሁ፤ አባ ኮዳን ከዓሣ ሻጯ ጋር፣ ፔሊካኑን ከደለሉ ጋር። ውድ ሌንስ ስለሌለኝ ብቻ ሳይሆን፣ ቢኖረኝም እንደዚሁ የማደርግ ይመስለኛል።

በአገራችን ካሜራ ሥራውን በሰፊው የጀመረው በሰው ፊት ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ለዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆኖ፣ ልጆቹም ሙያውን ወርሰው ነገሥታቱንና መኳንንቱን አነሱ። በየከተማው የተከፈቱት ፎቶ ቤቶችም ሐይቅና ዛፍ የሚያሳዩት በግድግዳ ላይ በተሳለ መጋረጃ ነበር። ዛሬ አገር ለማየት የሚወጣ ወጣት በዝቷል፤ ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 ያቋቋመችውን አዲስ ፎቶ ፌስት የመሰሉ መድረኮችም ሥራቸውን ለዓለም አሳይተዋል። ሆኖም ተፈጥሮ ሲባል አሁንም የሚታሰበን ሰሜን ተራሮች፣ ባሌ፣ ዳሎል ነው። እነሱም ይገባቸዋል። ነገር ግን አብዛኛው የአገራችን መሬት የታረሰ መሬት ነው፤ ተፈጥሮ ያለችውም የምትጠፋውም እዚያው ነው። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ አንሰል አዳምስ የዮሰሚቴን ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1916 በ14 ዓመቱ አይቶ ከዚያ ወዲህ በሕይወቱ ሙሉ በየዓመቱ ይመለስበት ነበር። ለትልልቆቹ ተራሮቻችን እንዲህ ዓይነት ሰው አላጣንም። ለታረሰው መሬት ግን የሚመላለስ ፎቶ አንሺ ገና ያስፈልገናል። ማን ገርቢውን ከአሥር ዓመት በፊት አነሳው? ያኔ በሉሜ ስንት ወጣት ዛፍ ነበር? መልሱ በምስል ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ለገበሬውም፣ ለወረዳው ባለሙያም፣ ለተመራማሪውም ይጠቅም ነበር።

ስለዚህ ካሜራ ወይም ደኅና ስልክ ያላችሁ ሰዎች፣ አንድ ቅዳሜ ሞጆ ላይ ውረዱ። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ጊዜ ለገርቢው ምርጥ ነው። ማታውኑ ገብታችሁ እደሩ፤ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ማሳው ዘንድ ድረሱ፤ ባለቤቱን ሰላም በሉ፤ የቆማችሁበትን ቦታ በድንጋይ ምልክት አድርጉበት፤ ቀኑን ጻፉ። ምስሉን አሳትሙና ነሐሴ ላይ ቦት ጫማ አድርጋችሁ፣ እዚያው ድንጋይ አጠገብ ለመቆም ተመለሱ። ለባለቤቱ የታተመውን ስጡ፣ ከዛፉም ምን እንደተቆረጠ ጠይቋቸው።